ኤች አይ ቪ በደማችን ላለን ሰዎች የቂጥኝና የሌሎች አባላዘር በሽታዎች ሕክምና፦ በወሎ የት እንመርመር፣ በምን እንታከም?

ኤች አይ ቪ በደሙ ያለ ሰው ብልቱ ላይ ቁስል ሲያይ ወይም ፈሳሽ ሲያስቸግረው መጀመሪያ የሚያወጣ የሚያወርደው «ከኤ አር ቲ ክፍሉ (የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከሚሰጥበት) ውጭ የት ልሂድ» የሚለውን ነው። ለዓመታት መድኃኒት የምትሰጠው ነርስ በስሙ ታውቀዋለች፤ ትቆጣኛለች፣ ትታዘበኛለች ብሎ ይፈራል። ስለዚህ የሐይቁ ሰው ደሴ ይሄዳል፣ የደሴው ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ የመርሳው ወልድያ ይዘልቃል። በማይታወቅበት የግል ክሊኒክ ይታከማል፤ ቫይረሱ በደሙ እንዳለ ግን አይናገርም። በኤ አር ቲ ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝና ይህን መንገድ የሄዱ ብዙ ሰዎች አግኝቻለሁ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ውጤቱ ግን ያሳዝነኛል።

የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር። የአባላዘር በሽታ ሕክምና ሲመርጡ ትልቁ መለኪያ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰው መመርመር የሚችሉበት ቦታ መሆኑ ነው። ቂጥኝ መዳኑ የሚታወቀው መርፌው በተወጋበት ቀን ሳይሆን ከወራት በኋላ በሚሠራ የደም ምርመራ ስለሆነ ይህ መለኪያ ከዋጋም፣ ከቅርበትም፣ ከምስጢርም ይቀድማል። ከዚህ በታች አማራጮቹን የማነጻጽረው በዚሁ ዓይን ነው።

ከዚያ በፊት አንድ የሚያምታታ ነገር ላጥራ። መድኃኒቱን በሥርዓት የወሰደና ቫይራል ሎዱ (በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) «አይታይም» የተባለ ሰው ኤች አይ ቪን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። ይህ በጥናት የተረጋገጠ ደስ የሚል እውነት ነው። ያው ክኒን ግን ቂጥኝን፣ ጨብጥን፣ ክላሚዲያን፣ የብልት ሄርፒስን አይከላከልም። ስለዚህ ቫይራል ሎዱ የማይታይ ሰው በቂጥኝ ሊያዝም፣ ቂጥኝ ሊያስይዝም ይችላል። ቂጥኝ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ሲቀመጥ የኤች አይ ቪን መጠን ከፍ፣ ሲዲ4ን (የሰውነት መከላከያ ሴሎችን ቁጥር) ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። የመጀመሪያው ቁስል ብዙውን ጊዜ አያምም፤ በሴቶች ከማኅፀን በር ላይ ሆኖ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። በበሽታው ከተያዙ ከ10 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፤ ሳይታከሙት ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ራሱ መጥፋቱ ነው ሰውን የሚያታልለው።

የት ይሻላል?

የኤ አር ቲ ክፍሉን አስቀድማለሁ፤ የራሴ ሥራ ስለሆነ ግን አይደለም። ካርድዎ ያለው እዚያ ነው። ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ፣ ቫይራል ሎድዎ ስንት እንደነበር፣ ነፍሰ ጡር መሆንዎ፣ ፔኒሲሊን ይቆጣዎት እንደሆነ አንድ ላይ ተጽፏል። ጤናቸው የተረጋጋ ታካሚዎች መድኃኒታቸውን ለስድስት ወር በአንድ ጊዜ ይወስዳሉ፤ ቫይራል ሎዳቸውም በዓመት አንዴ ይለካል። ለቫይራል ሎድ ደም ሲሰጡ «የቂጥኝም ምርመራ ይሠራልኝ» ማለት ብቻ በቂ ነው። ምልክት ባይኖርዎትም ቢያንስ በዓመት አንዴ፣ አዲስ ጓደኛ ካለ ወይም ከአንድ በላይ ሰው ጋር ግንኙነት ካለ በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ ይጠይቁ።

ድካምም አለው። ወረፋው ይረዝማል፤ የመመርመሪያው ዕቃ የሚያልቅበት ጊዜ አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አፍ አይፈታም። በሥራዬ ደጋግሜ የማየው ነገር ይኸው ነው። ሰው መድኃኒቱን ተቀብሎ፣ ቀጠሮውን ይዞ፣ በሩን ከፍቶ ከወጣ በኋላ ነው ዋናው ጉዳይ የሚመጣው። አንዲት በዕድሜ ከፍ ያሉ እናት የበሩን እጀታ እንደያዙ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር» አሉኝ። «ይመለሱ እናቴ፣ በሩን ይዝጉትና ይቀመጡ» አልኳቸው። መዳፋቸውን ዘረጉልኝ፤ የማያሳክክ፣ ቡናማ ነጠብጣብ ነበረበት። በእግራቸው መርገጫም ነበረ። ከቤት «የጉበት ነው» ተብለው ነበር የሰነበቱት። መዳፍና መርገጫ ላይ የሚወጣ የማያሳክክ ሽፍታ የሁለተኛው ደረጃ ቂጥኝ ምልክት ነው። በር ላይ ሆነው ለመጠየቅ እንኳ የደፈሩት በሚያውቁት ክፍል ስለነበሩ ይመስለኛል።

የግል ክሊኒክ ፈጣን ነው፤ ማታም፣ ቅዳሜና እሑድም ይገኛል፤ የሚያውቅዎት ሰው የመገናኘቱ ዕድልም ያንሳል። ሱቃቸውን ዘግተው መምጣት ለማይችሉ፣ ከአፋር መስመር ሌሊት ለሚገቡ ሾፌሮች፣ በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በፈረቃ ለሚሠሩ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ቫይረሱ እንዳለብዎት ካልተናገሩ ሐኪሙ ግማሹን ብቻ እያየ ማከሙ ነው። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። አብዛኞቻችን የምንወስደው ክኒን ዶሉቴግራቪር አለበት። ለደም ማነስ የሚታዘዝ የብረት እንክብል፣ ካልሲየም፣ እንዲሁም ማግኒዥየም ወይም አልሙኒየም ያለው የጨጓራ ማስታገሻ ከእሱ ጋር አብሮ ከተወሰደ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። ዶሉቴግራቪሩ ከእነዚህ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት። ሐኪሙ ይህን የሚነግርዎት የሚወስዱትን ካወቀ ብቻ ነው። የግል ክሊኒክ ከመረጡ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ይዘው ይሂዱ፤ የምርመራ ውጤቱን ደግሞ በጽሑፍ ይቀበሉ።

ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ ለምሳሌ የደሴው ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ለመጀመሪያ ምርመራ የግድ አይደሉም። የሚያስፈልጉት ጤና ጣቢያ ሲልክዎ ወይም ከታች የምጠቅሳቸው የዓይን፣ የጆሮና የጭንቅላት ምልክቶች ሲኖሩ ነው። ከደላንታ ወይም ከመቅደላ ተነሥቶ ደሴ ድረስ ለአንድ የጣት ደም ምርመራ መምጣት ገንዘብም ጉልበትም ይጨርሳል።

ፋርማሲ ገብቶ «ለአባላዘር የሚሆን ክኒን ስጡኝ» ማለትን በምንም መንገድ አልመክርም። ሁለት ሦስት ቀን የተዋጠ አሞክሳሲሊን ቂጥኝን አያድንም፤ ቁስሉ ግን በራሱ ጊዜ ስለሚጠፋ ሰውየው ክኒኑ ያዳነው ይመስለዋል። ለጨብጥ ሲፕሮፍሎክሳሲን መግዛትም ልማድ ሆኗል፤ ጀርሙ በስፋት ስለተላመደው የዓለም ጤና ድርጅት ይህን መድኃኒት ለጨብጥ ማዘዙን ከ2016 ጀምሮ (በፈረንጆች አቆጣጠር) አቁሟል።

ጸበል የሚጠመቁ፣ ወዳጃ (የጋራ ጸሎት) የሚቀመጡ፣ ዱአ የሚያስደርጉ ታካሚዎች ብዙ ናቸው፤ ወሎ ነውና። ይህን ከሕክምናው ጋር ማወዳደር አያስፈልግም፤ አብሮ ይሄዳል። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ለሳምንታት ጸበል ቦታ የሚቆዩ ከሆነ ክኒኑን ይዘው ይሂዱ፤ በየሳምንቱ ከሚወጉት ሦስት የቂጥኝ መርፌዎች አንዱ በዚያ መሐል የሚውል ከሆነ ጉዞውን ያሸጋግሩት።

የትኛው ምርመራ?

ሁለት ዓይነት የደም ምርመራ አለ፤ ሰዎች «የቂጥኝ ምርመራ» ብለው ስለሚጠቅሏቸው ይደባለቃሉ። አንደኛው ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚደርሰው ፈጣን ምርመራ ነው። በትንሽ ጤና ጣቢያም ይሠራል፤ መብራት አያስፈልገውም። ጉድለቱ ዱሮ ታክሞ የዳነን ቂጥኝና የዛሬውን አለመለየቱ ነው፤ አንዴ ቂጥኝ የያዘው ሰው ቢድንም ውጤቱ እንደ ጠባሳ ዕድሜ ልኩን ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በፊት ታክመው የማያውቁ ከሆነ ፈጣኑ ምርመራ ጥሩ መጀመሪያ ነው። ታክመው የሚያውቁ ከሆነ ምንም አይነግርዎትም።

ሁለተኛው አር ፒ አር ወይም ቪ ዲ አር ኤል የሚባለው ነው። በአር ፒ አር የላቦራቶሪ ባለሙያው ከደምዎ የተለየውን ውሃ መሰል ክፍል በነጭ ካርድ ላይ ባለ ክብ ውስጥ ጠብ ያደርግና ደቃቅ ጥቁር ከሰል ካለበት ፈሳሽ ጋር ያዋህደዋል። ካርዱ ለጥቂት ደቂቃ ሲወዛወዝ ቂጥኝ ካለ ጥቁሩ ደቃቅ ይሰባሰባል፤ ከሌለ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ናሙናው በግማሽ በግማሽ እየቀጠነ ይደገማል፤ ስንት ጊዜ ቀጥኖም መሰባሰቡን እንዳላቋረጠ ይቆጠራል። 1፡2፣ 1፡4፣ 1፡8፣ 1፡16፣ 1፡32 እያለ የሚጻፈው ቁጥር ይህ ነው።

ለእኛ የሚጠቅመን ይህ ቁጥር ነው። ዛሬ 1፡32 የነበረ ሰው ታክሞ በዓመት ውስጥ ወደ 1፡8 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ሕክምናው ሠርቷል። የቆየ ቂጥኝ ከሆነ መውረዱ እስከ ሁለት ዓመት ሊወስድ ይችላል። በተቃራኒው 1፡4 የነበረ 1፡16 ከሆነ ወይ እንደገና ተይዟል፣ ወይ ሕክምናው አልሠራም። በአንዳንድ ሰው ቁጥሩ ዝቅ ብሎ 1፡2 ወይም 1፡4 ላይ ለዓመታት ይቆማል፤ ከዚያ ካልጨመረ ይህ ብቻውን አያስደነግጥም። ኤች አይ ቪ በደሙ ያለ ሰው በመጀመሪያው ዓመት በየሦስት ወሩ፣ ከዚያም በ24ኛው ወር መመርመር ይመከራል። ይህ ሁሉ ካልሆነልዎት ቢያንስ ስድስተኛውንና አሥራ ሁለተኛውን ወር አይዝለሉ፤ ከመድኃኒት መውሰጃ ቀጠሮዎ ጋርም ይገጥማል።

«ፖዘቲቭ» ብቻ የሚል ወረቀት አይቀበሉ፤ ቁጥሩ እንዲጻፍ ይጠይቁ። ምርመራውን በተቻለ መጠን በአንድ ዓይነት ዘዴና በአንድ ላቦራቶሪ ይደግሙ፤ የአር ፒ አርና የቪ ዲ አር ኤል ቁጥሮች ርስ በርስ አይወዳደሩም። ወረቀቱንም ቤትዎ ያስቀምጡ፣ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት በወሎ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ የታካሚ ካርዶችም አብረው ጠፍተዋል። ያኔ የራሳቸውን ወረቀት የያዙ ሰዎች ሕክምናቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ፤ ያልያዙት እንደ አዲስ ጀመሩ።

ሁለት ጥንቃቄ ልጨምር። ቁስሉ ገና በወጣ ሰሞን ሁለቱም ምርመራዎች «የለም» ሊሉ ይችላሉ፤ ጥርጣሬ ካለ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ ይደገማሉ። ኤች አይ ቪንና ቂጥኝን በአንድ ጊዜ የሚመረምረው ጥምር መመርመሪያ ደግሞ ቀድሞ ውጤቱን ላወቀና መድኃኒት ላይ ላለ ሰው የታሰበ አይደለም፤ ለእርስዎ የሚሠራው የቂጥኝ ብቻ የሆነው ነው።

መርፌ ወይስ ክኒን?

እዚህ ላይ ብዙ ማመንታት አያስፈልግም፦ መርፌው ይበልጣል። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን 2.4 ሚሊዮን ዩኒት፣ ቂጥኙ ከአንድ ዓመት ያነሰ ከሆነ አንድ ጊዜ፤ ከዓመት የበለጠ ወይም መቼ እንደያዘ የማይታወቅ ከሆነ በየሰባት ቀኑ ሦስት ጊዜ። ኤች አይ ቪ ስላለ መጠኑ አይጨመርም። መድኃኒቱ ወተት የመሰለ ወፍራም ፈሳሽ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱም መቀመጫ ላይ ይወጋል፤ ያማል፣ ለአንድ ሁለት ቀን ያነክሳል። በተወጉ በመጀመሪያው ቀን ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ጀርሞቹ በብዛት ሲሞቱ የሚከሰት ነው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይለቃል፣ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። የመተንፈስ ችግር፣ የፊት እብጠት ወይም መላ ሰውነትን የሚያሳክክ ሽፍታ ከመጣ ግን ያ የመድኃኒት ቁጣ ነው። ስለዚህ ከተወጉ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከጤና ጣቢያው ግቢ አይውጡ።

ሦስቱን መርፌ መጨረስ ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ከባድ ነው። የመጀመሪያውን ደሴ ተወግተው የቀሩትን ሁለቱን ቤትዎ አጠገብ ባለው ጤና ጣቢያ እንዲሰጥዎት ወረቀት ያስጽፉ። ባቲና አካባቢው ላለ ሰው ደግሞ ከሰኞ ገበያ የተሻለ አስታዋሽ የለም፤ ገበያው በሳምንቱ ይውላል፣ መርፌውም በሳምንቱ ነው። ሦስት ሰኞ ገበያ ሲወጡ ጎራ ማለት ነው።

ክኒኑ ዶክሲሳይክሊን ነው፤ 100 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለአዲስ ቂጥኝ 14 ቀን፣ ለቆየው እስከ 30 ቀን። ፔኒሲሊን ለሚቆጣው ወይም መርፌው ለጠፋበት ጊዜ ጥሩ ተተኪ ነው። ነገር ግን አንድ ወር ሙሉ በቀን ሁለቴ ሳያቋርጡ መዋጥ ቃል ለመግባት የሚቀል፣ ለመፈጸም የሚከብድ ነው። ከወተትና ከብረት እንክብል ጋር አይወሰድም፤ በብዙ ውሃ ተውጦ ወዲያው መተኛት አይገባም፣ ጉሮሮ ያቆስላል። በረመዳን የሚወስዱ ከሆነ ሲያፈጥሩና በስሁር ያድርጉት፤ ከስሁር በኋላ ጋደም ከማለትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ።

ነፍሰ ጡር ሴት ምርጫ የላትም፤ ፔኒሲሊን ብቻ ነው። ዶክሲሳይክሊን ለፅንሱ አይሆንም፤ ኤሪትሮማይሲን ደግሞ እናቲቱን ቢያክም እንኳ ፅንሱን በአስተማማኝ ሁኔታ አያድነውም። ያልታከመ ቂጥኝ ፅንስ ያስወርዳል፣ ሕፃኑ ሞቶ እንዲወለድ ወይም ታሞ እንዲወለድ ያደርጋል። የኤች አይ ቪ መድኃኒቷን በደንብ የወሰደች እናት ልጇን ከቫይረሱ ጠብቃ በቂጥኝ እንድታጣው መፍቀድ የለብንም። በእርግዝናው መጀመሪያ ትመርመር፤ መርፌውንም ከመውለዷ ቢያንስ 30 ቀን ቀደም ብላ ትጨርስ።

ቁስልና ፈሳሽ ሲኖር፦ ወዲያው መታከም ወይስ ላቦራቶሪ መጠበቅ?

በጤና ጣቢያዎቻችን የተለመደው በምልክት ማከም ነው። ቁስል ካለ የቂጥኝ መርፌ፣ የከርክር መድኃኒትና ለሄርፒስ አሲክሎቪር አብረው ይሰጣሉ፤ ፈሳሽ ካለ ለጨብጥም ለክላሚዲያም በአንድ ላይ ይታከማል፣ ለጨብጡ ዋናው የሴፍትሪያክሶን መርፌ ነው። ጥቅሙ ዛሬውኑ ታክመው መሄድዎ ነው። ቁስል ወይም ፈሳሽ ካለብዎት ይህን ይቀበሉ፤ ላቦራቶሪ ልጠብቅ ብለው ሳይታከሙ አይመለሱ። ሆኖም የቂጥኝ ደምዎ ከመርፌው በፊት ወይም በዚያው ቀን ይወሰድ፤ መነሻ ቁጥር ከሌለ ከስድስት ወር በኋላ የሚወዳደርበት ነገር አይኖርም። ምልክት የሌለበትን ሰው ግን ይህ መንገድ አያገኘውም። ክላሚዲያና ጨብጥ በብዙ ሴቶች ላይ ድምፅ ሳያሰሙ ይቀመጣሉ።

በእግረ መንገድ፦ የሚያም፣ ውሃ የቋጠረ፣ በዓመት ውስጥ የሚመላለስ ቁስል ብዙውን ጊዜ ሄርፒስ ነው፤ አሲክሎቪር ያስታግሰዋል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም። የማያምና ጠርዙ ደንደን ያለ ወደ ቂጥኝ ያደላል፤ የሚያምና የሚደማ፣ ብሽሽት የሚያሳብጥ ከሆነ ከርክር ሊሆን ይችላል። በዓይን ብቻ አይለይም፣ ኤች አይ ቪ ሲኖር ደግሞ መልካቸውን ይቀያይራሉ። ሴቶች የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራን ከዚሁ ጋር ያስቡበት፤ የብልት ኪንታሮት ከሚያመጣው ቫይረስ ቤተሰብ የሚነሣ በሽታ ነው፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለ ሴቶች ላይም ይፈጥናል።

ለትዳር ጓደኛ ማን ይንገር?

ራስዎ መንገር፣ አብረው ወደ ክፍሉ መምጣት፣ ወይም ከነርሷ የመጥሪያ ወረቀት ወስዶ መስጠት፤ ሦስቱም ይሠራሉ። እኔ አብሮ መምጣትን እመርጣለሁ፤ ጥያቄው በሦስተኛ ሰው ፊት ሲመለስ ክሱ ይበርዳል። ቂጥኝ ሳይታወቅ ለዓመታት ሊቀመጥ ስለሚችል «ማን አመጣው» የሚለው ብዙ ጊዜ መልስ የለውም። ድብደባ ወይም ከቤት መባረር የሚያሰጋት ሴት ግን መጀመሪያ ለነርሷ ትንገር፤ የመጥሪያ ወረቀቱም የበሽታውን ስም ሳይጠቅስ ሊጻፍ ይችላል። ጓደኛው ካልታከመ የተወጋው መርፌ ሁሉ ከንቱ ነው። ሁለቱም ታክመው ቁስሉ እስኪድን፣ ቢያንስ ለሰባት ቀን፣ ግንኙነት ይቆይ፤ ከዚያም ኮንዶም።

ቀጠሮ የማይጠበቅለት

በማንኛውም ደረጃ ላይ ያለ ቂጥኝ ወደ ዓይን፣ ወደ ጆሮና ወደ አንጎል ሊዘልቅ ይችላል፤ ኤች አይ ቪ በደሙ ባለ ሰው ይህ ቶሎ ሊመጣ ይችላል። ድንገት ዓይን ከቀላ ወይም ብዥ ካለ፣ ጆሮ መስማት ከተሳነው ወይም መጮህ ከጀመረ፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የፊት መጣመም ወይም የአንድ ወገን መዛል ከመጣ በመቀመጫ የሚወጋው መርፌ አይበቃም። ከአከርካሪ ፈሳሽ ተወስዶ ይታያል፤ ሕክምናው ከ10 እስከ 14 ቀን በደም ሥር የሚሰጥ ፔኒሲሊን ስለሆነ መተኛት ያስፈልጋል። ዓይን ከሆነ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይንና በቆዳ ሕክምና የቆየ ስም አለው፤ ሌላው ሁሉ ቅርብዎ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ በዚያው ቀን። ሲደርሱ ሁለት ነገር አስቀድመው ይናገሩ፦ ቫይረሱ በደሜ አለ፣ የመጨረሻው የቂጥኝ ቁጥሬ ይህ ነበር።